አረንጓዴው ብጉር

«እሺ፣ አትፈሩ። ገንዳው ውስጥ ዋቅላሚ ያለበት ማን ነው?» አለች ከቤተ ሙከራ የመጣችው ወጣቷ ተመራማሪ ዶክተር ኢልዲኮ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። የሴጌድ ከተማ የባሕር ገንዳ ማኅበር ከተቋቋመ ጀምሮ እንዲህ ያለ ጸጥታ ተሰምቶ አያውቅም፤ የቲሳ ወንዝ እንኳ ከድልድዩ ሥር ለጥቂት ጊዜ ሳይቆም አልቀረም። ከባሕር የትና የት ርቀው፣ ሳሎናቸው ውስጥ በመስታወት ገንዳ ባሕር ለሚያሳድጉ ሰዎች፣ ስለ አረንጓዴ የውሃ አረም የቀረበው ይህ ጥያቄ ሠርግ ቤት ገብቶ «ቅማል ያለበት እጁን ያውጣ» እንደማለት ነው።

«እኔ ቤት?» አሉ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋሼ ደዦ ጢማቸውን እየጠቀለሉ። «እንኳን ዋቅላሚ፣ የዋቅላሚ ሕልምም አይገባም! ውሃዬን ያየ መልአክ ክንፌን ልታጠብበት ብሎ ይለምነኛል።»

ከኋላ አንዱ ልጅ ጮኸ፤ «ብጉር! ተነሣ እንጂ፣ ቀንህ መጣልህ!»

ሳቁ ጣሪያውን አነሣው። የሌቬንቴ ጆሮ የሴጌድን በርበሬ አስንቆ ቀላ።

«ብጉር» ያሰኘው ፊቱ አልነበረም። ባለፈው መኸር ገንዳው ውስጥ ክብ፣ አረንጓዴ፣ እንደ ብርጭቆ ዶቃ የሚያብረቀርቅ ዋቅላሚ በቀለ። አንዱን ሲያፈርጡት መቶ ሆኖ ይመለሳል። ከዚያ ወዲህ ከእሱ ጋር ኮራል የሚለዋወጥ ሰው ጠፋ። ጋሼ ደዦም «አንተ በር አጠገብ ተቀመጥ፤ ገንዳህ በወሬም ይጋባል» ብለውት ነበር።

አጠገቡ የተቀመጠችው ቦግላርካ ፖጋቻዋን፣ ያን ትንሽ የአይብ ዳቦ፣ ሳትጨርስ መልሳ አስቀመጠችው። ብጉሩ ከየት እንደመጣ በዓለም ላይ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ለልደቱ ሐምራዊ ኮራል ሰጥታው ነበር። ከገንዳዋ ስታወጣው ከሥሩ ምስር የምታህል አንዲት አረንጓዴ ኳስ አይታለች። ሱቁ ተዘግቷል፣ ሌላ ስጦታ የላትም። «አንድ ናት፤ ምን ታመጣለች?» ብላ ኳሷን ወደ ታች አዙራ፣ ኮራሉን አንዲት ድንጋይ ላይ በማጣበቂያ አጣበቀችው። በኋላ የራሷን ገንዳ አጠበች፤ የእሱን ግን ማንም አላጠበለትም። ሰው ሁሉ ሲስቅበት ዝም አለች። አንድ ጊዜማ አብራ ስቃለች።

ሌቬንቴ ቀስ ብሎ ተነሣ። «እኔ ጋ አለ። ግን ሰልችቶኛል፤ ነገ ሁሉንም ልደፋው ነው።»

ዶክተር ኢልዲኮ ጠረጴዛውን ዘልላ ልትመጣ ምንም አልቀራት። «እንዳትነካው! ሰምተሃል? እያንዳንዷ ኳስ አንድ ሴል ናት፤ አንድ! ሌላው በማይክሮስኮፕ የሚፈልገውን ሴል አንተ በጣትህ ትይዘዋለህ። ስትወጋ ቁስሏን እንዴት እንደምትደፍን ነው ቤተ ሙከራችን የሚያጠናው። ከባሕር ያስመጣነው ሁሉ ሞተብን። ገንዳ የለመደ ነው የምንፈልገው።»

የማኅበሩ ልብ እንደ ነፋስ ዞረ። «እኔ ድሮም ብያለሁ!» አሉ ጋሼ ደዦ ደረታቸውን ነፍተው። «የዚህ ልጅ እጅ ለምለም ነው። ና፣ ወደፊት ና፣ የእኔ አንበሳ!»

ሌቬንቴ እዚያው ቆሞ ሁለት ስንዝር ያደገ መሰለ።

«አንድ ነገር ብቻ» አለች ዶክተሯ። «ከየት እንደመጣ ማወቅ አለብኝ። ከየትኛው ባሕር ድንጋይ ላይ እንደተነሣ ካላወቅሁ ጥናቱ አንካሳ ነው። መጀመሪያ የተገኘበት ገንዳ ባለቤትም ስሙ ጥናቱ ላይ ከስምህ ጋር ይጻፋል።»

«እኔ እንጃ» አለ ሌቬንቴ። «ራሱ ነው የመጣው።» ሳቀም። ከመኸር ወዲህ ሲስቅ ያየችው አሁን ነው።

ቦግላርካ የፖጋቻውን ፍርፋሪ ከልብሷ ማራገፍ ጀመረች። ነውር በነበረ ጊዜ ደብቃው ኖራ፣ አሁን ክብር ሲሆን «የእኔ ነው» ብላ ልትነሣ? ስድቡን እሱ ሲበላ ዝም ብላ፣ ግብዣው ላይ ልትቀላወጥ? ዝም ብትል ደግሞ ሥራው አንካሳ ይሆናል፤ ሌቬንቴም ማን እንዳዋረደው ሳያውቅ ይኖራል።

ድንገት ሌቬንቴ ወደ እሷ ዞረ። ዐይኑ በርቷል። «ቆይ፣ ቦጊ! ያ የልደቴ ኮራል ይሆን እንዴ? ሐምራዊው?»

ሁሉም አያት።

«እሱ ነው! ሌላ ከማንም አልወሰድኩም!» አለና ትከሻዋን ነቀነቃት። «አንቺ ደግሞ፣ ዝም ብለሽ ትቀመጫለሽ? ስምሽ ሊወጣ እኮ ነው! ሥሩ ላይ ሆኖ አላየሽውም ማለት ነው።»

መውጫዋን ራሱ ከፈተላት፤ ያውም እየሳቀ። «አዎ» ብላ አንገቷን መነቅነቅ ብቻ ነው የቀራት። ጋሼ ደዦ «የሴጌድ ልጆች!» ብለው ማጨብጨብ ጀመሩ፣ ክፍሉም ተቀበላቸው።

ቦግላርካ ተነሣች። ወንበሩን ይዛ ቆመች።

«ከእኔ ነው» አለች ለዶክተሯ። «የገንዳዬን ድንጋይ የገዛሁበትን ሱቅ አሳይሻለሁ።»

ጭብጨባው ደመቀ። እሷ ግን ፊቷን ወደ ሌቬንቴ መለሰች።

«አይቼው ነበር፣ ሌቪ። አይቼው ነው ያጣበቅሁት።»

ጭብጨባው ከፊት ረድፍ ጀምሮ አንድ በአንድ ረገፈ። የሌቬንቴ እጅ ከትከሻዋ ላይ ወረደ። ሳቁ ግን የሚሄድበት እንዳጣ ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየ። ዐይን ዐይኗን አያት። ቦግላርካም ዐይኗን አልሰበረችም።