የማንም ክፍል ያልሆነው ሰውዬ

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው፤ እኔ ሔኖክ ግን በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። ባለፈው ነሐሴ፣ አሰላ ውስጥ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ... የጭላሎ ተራራ ጭጋግ ወርዶ ግቢያችንን ውጦት ነበር።

የምሠራው ኮሌጅ ውስጥ ነው፤ የድረ ገጹ ኃላፊ ነኝ። ኃላፊ ይበሉኝ እንጂ የሁሉም ክፍል ተላላኪ ነኝ። አንዱ "ይህን ቀይር" ሲለኝ ሌላው "መልሰው" ይለኛል።

በዚያ ሰሞን ሠራተኛው ኮረብታው ላይ ችግኝ ሲተክል የተነሳውን ፎቶ የፊት ገጹ ላይ ለጥፌ ነበር።

መጀመሪያ የደወለችው የሬጅስትራሯ ፈይሩዛ ናት።

"ሔኖክ፣ ዳር ላይ ያለውን ባለ ጋቢ አውጣልን። የእኛ ክፍል አይደለም።"

"የማን ነው ታዲያ?"

"እኔ እንጃ! የሰው ሀብት መስሎኝ።"

ከፍቼ አየሁት። ረጅም ሰውዬ ነው። ፊቱን ጭጋግ ሸፍኖታል። የአንዱ ክፍል እንግዳ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ትንሽ ቆይቶ ከሰው ሀብት እትዬ ፋናዬ ደወሉ።

"ልጄ፣ መሀል የቆመውን ባለ ጋቢ አንሳልን። የሬጅስትራር እንግዳ ነው መሰለኝ።"

"ዳር ላይ ያለውን ማለትዎ ነው?"

"ዓይኔ ገና አልጠፋም! መሀል ነው።"

እንደገና ከፈትኩት።

መሀል ነበር...

የይለፍ ቃሉን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

ወዲያው ከፋይናንስ ኃላፊው ከሰኢድ መልእክት ገባ። "ከፈናን ኋላ የቆመው ባለ ጋቢ የእኛ ሰው አይደለም፤ ይነሳልን።"

ፈናን ባለቤቴ ናት፤ ፋይናንስ ክፍል ነው የምትሠራው። የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛለች።

እየፈራሁ ከፈትኩት። ከኋላዋ ቆሟል። እጁን ወደ ትከሻዋ ዘርግቷል... ገና አልነካትም።

ማነው፣ ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅኩም። ማንም አልጠየቀም። ከፎቶው ቆርጬ አጠፋሁትና እፎይ አልኩ።

ከዚያ ደወልኩላት። ቢሮዋ ከግቢው ማዶ፣ ከመስኮቴ ትይዩ ነው።

"ፈናኔ፣ ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ። ማል ታቴ? ምን ሆነሃል?"

"ማን አለ አጠገብሽ?"

"ማንም። እነ ሰኢድ ሻይ ወጥተዋል።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ግን ሔኖኬ... ቢሮው ድንገት ቀዘቀዘብኝ። እርጥብ አፈር ይሸታል።"

ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። ጭጋጉ ገለጥ ብሎ ነበር። ፈናን አየችኝና እየሳቀች እጇን አወዛወዘችልኝ።

"ውጪ! አሁኑኑ ውጪ!"

"ምን አልከኝ? አይሰማም..."

ስልኬ ጢን አለ። ሰኢድ ነው። "እናመሰግናለን። አሁን ፎቶው ላይ የለም።"

ቀና ስል ከወንበሯ ኋላ ባለ ጋቢው ቆሟል።

እጁ ትከሻዋ ላይ አርፏል።