ቅርብ ነው

በ1974 ዓ.ም. ወደ ጉም አምባ ለጉብኝት የሄደ ሰው ገና አልነበረም። አውቶቡስ እስከ ገበያው ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ተራራ ነው። አፋፉ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ይግጣሉ፤ የሚያያቸው ግን ገብስ ጠባቂ ብቻ ነበር።

ፀሐይነሽ ከዚያ የመጣችው በአሥር ዓመቷ፣ ለትምህርት ነው። ቦሌ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ ከአክስቷ ባል ከጋሼ ካሳዬ ቤት ከተቀመጠች አራት ዓመት ሞላት። ከዚያ ወዲህ እናቷን አንድ ቀንም አላየችም። ወደ ሰሜን፣ ወደ አገሯ የሚዞር አውሮፕላን ባየች ቁጥር ቆማ ትቀራለች። ጎረቤቷ ዘኪያ፣ «አንቺ፣ ፓይለቱን ወደድሽው እንዴ?» እያለች ታበሽቃታለች።

ጋሼ ካሳዬ የሚሠሩበት መሥሪያ ቤት ለውጭ አገር ጎብኚዎች አዲስ ቦታ ይፈልጋል። እሳቸውም ጉም አምባን አጥንተው ተመልሰዋል። ከጸደቀ፣ የይለፍ ወረቀት ከቀበሌ አስጨርሰው ከመጀመሪያዎቹ እንግዶች ጋር በላንድሮቨር ሊወስዷት ቃል ገብተውላታል። ከሦስት ሰዓት በላይ በእግር የሚያስኬድ ቦታ ግን እንደማይጸድቅ ነግረዋታል።

ቅዳሜ ጠዋት፣ የእጅ ጽሑፏ ስለሚያምር፣ ጥናቱን እንድትገለብጥላቸው ሰጧት። ሦስተኛው መስመር ላይ እጇ ቆመ፤ ከገበያው እስከ አፋፉ ሁለት ሰዓት ይላል። እሷና እናቷ ከገበያው እኩለ ቀን ላይ ተነሥተው አፋፉ ላይ ካለው ቤታቸው ሲደርሱ ፀሐይ ትጠልቅ ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄን መንገድ ሄደውበታል?»

«ጉልበቴን አሞኝ ገበያው ላይ ቀረሁ። ሽማግሌዎቹን ግን አንድ በአንድ ጠይቄያለሁ። ሁሉም ቅርብ ነው፣ ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው አሉኝ።»

ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ጠፋ። በአገሯ መንገደኛን «ሩቅ ነው» ማለት ነውር ነው። እናቷም ብትሆን ለጠየቃት ሁሉ «ይኸው፣ ደረስክ» ነበር የምትለው። ሁለት ብላ ብትገለብጥ የሚጠይቃት የለም። ከምሳ በኋላ የተነሣ እንግዳ ግን ገደሉ ላይ ይመሽበታል።

«ጋሼ፣ ልብዎ እንዳይሰበር ብለው ነው። ስድስት ሰዓት ያስኬዳል።»

ጋሼ ካሳዬ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይሄ ከተጻፈ እኮ ይቀራል። አንቺም ትቀሪያለሽ።»

«አውቃለሁ» አለች። ብዕሩን አንሥታ «ስድስት» ብላ ጻፈች።

ጥናቱ ሳይጸድቅ፣ «መንገዱ ለሁለት ቀን ይከፈል» ተብሎ ተመለሰ። መንገዱ አጋማሽ ላይ ማደሪያ ጎጆ እስኪሠራ ሁለት ዓመት ፈጀ። የመጀመሪያዎቹ አሥራ አንድ እንግዶች በ1976 ዓ.ም. ጥር ወር ወጡ። ፀሐይነሽ የመንፈቅ ዓመት ፈተና ላይ ስለነበረች አልሄደችም። እንግዶቹ ጎጆው ውስጥ አንድ ሌሊት አድረው፣ በሁለቱ ቀን በድምሩ ስድስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ተጉዘው፣ አፋፉ ላይ ሁሉም በደኅና ደረሱ።