ሃያዎቹ ብልቃጦች

ሃያ ዓሣ እንዴት አንድ ይሆናል?

ታቢታ ኮምፒውተሯ ላይ አፍጥጣ ይህንኑ ራሷን ስትጠይቅ ረፋዱ አለፈ። ከሐዋሳ ሐይቅ የተያዙ የስድሳ ቆሮሶ ዓሣዎች የዲኤንኤ ውጤት ከኖርዌይ መጥቶ ከፊቷ ተደርድሯል። አርባዎቹ እንደ ወጉ እርስ በርስ ይለያያሉ። የመጨረሻዎቹ ሃያ ግን ፊደል በፊደል አንድ ናቸው።

የምታጠናው የራይቦሶምን ዲኤንኤ ነው፤ ሕዋስ ፕሮቲን የሚሠራበትን መሣሪያ የሚያሠራውን የዘር ጽሑፍ። ጽሑፉ በአንድ ዓሣ ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። በድግግሞሹ መሃል ያሉት ክፍሎች ግን ከዓሣ ዓሣ ይለያያሉ፤ የአንድ እናት ልጆች እንኳ እንዲህ አይገጥሙም።

«ዘሪሁን፣ ብልቃጦቹን አደባልቀሃቸዋል?» አለችው የላቦራቶሪ ባልደረባዋን፣ ድምፅዋ ሻክሮ።

«እኔ? ዘጠኝ ዓመት እዚህ ሠርቼ ልደባልቅ?» ጓንቱን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። «ከእኔ በፊት ዓሣውን ያመጣልሽን ሰው አትጠይቂም?»

ያመጣላት ኤልናታን ነው። የምትወደው ሰው።

የተዋወቁት ከስምንት ዓመት የውጭ አገር ትምህርት በተመለሰች በሳምንቷ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ተራ ነበር። ጓንት አጥልቃ የዓሣ ክንፍ ጫፍ በመቀስ ስትቆርጥ፣ አንድ ረጅም አስጋሪ ጀልባው ላይ ቆሞ ሲያያት ቆየ።

«ዶክተሯ፣ አትድከሚ» አላት። «ይሄኛው አርፏል።»

ሳቀች። አገሯ ከገባች የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። ታቦር ሰፈር ያሉት ቤተሰቦቿ ገና ሻንጣዋን ሳትፈታ «መቼ ነው የምትመለሽው?» ይሏት ጀምረዋል። እሷም ለመኖር ትምጣ ለመሰንበት አታውቀውም። ኤልናታን ግን የሚጠይቃት «ነገ ስንት ልያዝልሽ?» ብቻ ነው።

ጠዋት ጠዋት ጀልባው ጫፍ ላይ አጠገቡ መቀመጥ ለመደች። እሱ መረቡን ይፈታል፣ እሷ ታየዋለች። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ቀድማ የምታቀረቅረው እሷ ነበረች። አንድ ቀን ግን ሳታቀረቅር ቀረች፤ ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ አወቀባቸው።

«ይሄ ሁሉ ክንፍ ምን ይሠራልሻል?» ብሎ ጠይቋት ነበር።

«ለማስረዳት ይከብዳል፣ ኤልዬ።»

ሁለተኛ አልጠየቃትም። የነገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የስድሳ ዓሣ ናሙና እስከ ሰኔ መጨረሻ ከሞላ ሁለት ዓመት ሐዋሳ ትሠራለች፤ ካልሞላ ሥራው ይዘጋና ወደ ኖርዌይ ትመለሳለች።

ሰኔ ገባ። ነፋሱ ተነሣ፤ ሐይቁ ተቆጣ። መረቦች ባዷቸውን ወጡ። አርባ ላይ ቆመች። ተስፋ ቆርጣ ሻንጣዋን ልታዘጋጅ ስትል፣ ኤልናታን የሰጠችውን ሃያ ብልቃጥ ክንፍ ሞልቶ በፌስታል አንጠልጥሎ መጣ። አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«አትሄጂም ማለት ነው?»

«አልሄድም!»

ይህን እያስታወሰች ነው ከላቦራቶሪው ወጥታ ባጃጅ የያዘችው። ሐይቁ ዳር ተቀምጦ የተቀደደ መረብ ሲጠግን አገኘችው።

«ኤልዬ፣ ስንት ዓሣ ነበር?»

ቀና አላለም። «ሃያ ብልቃጥ ነዋ።»

«ብልቃጥ አልጠየቅሁህም።»

እጁ ቆመ።

«አንድ» አለ። «ሦስት ቀን ሙሉ ወጥቼ እሱን ብቻ ነው ያገኘሁት። ክንፉንም ጭራውንም ከፋፍዬ ሞላሁልሽ። ግን ከዚሁ ሐይቅ ነው፣ ታቢ! ሙች! የአንድ ሐይቅ ዓሣ ያው አንድ መስሎኝ ነው።»

«ዋሸኸኝ።»

«እንዳትሄጂብኝ ነዋ!»

«ሥራዬን ገደልከው! ጥፋቱስ የእኔ ነው፤ ድሮም ካልተማረ ሰው ጋር...»

ቃሉ አመለጣት። እጇን አፏ ላይ ብትጭንም የወጣው ወጥቷል። ኤልናታን መረቡን ቀስ አድርጎ አስቀመጠና ተነሣ።

«አላስተማርሽኝማ» አለ። «ጠይቄሽ ነበር።»

መልሷን ሳይጠብቅ ሄደ።

ሦስት ቀን እንቅልፍም እህልም ራቃት። ዝም ብትል ማንም አይደርስባትም ነበር፤ ለውጤቱ የፈለገችውን ምክንያት መስጠት ትችል ነበር። በአራተኛው ቀን ዘሪሁንን ይቅርታ ጠየቀች፤ ለኖርዌዩ ፕሮፌሰሯም እውነቱን ጻፈች። ሃያው ብልቃጥ ከአንድ ዓሣ የተሞላ ነው፣ ሳልቆጣጠር የቀረሁት እኔ ነኝ አለች። የኤልናታንን ስም አላነሣችም። ከዚያ የስንብት ደብዳቤዋን ትጠብቅ ጀመር።

መልሱ በሳምንቱ መጣ። ፕሮፌሰሩ ስለ እውነቷ አመስግነዋት ነበር። አርባው ለመነሻ ይበቃል፤ የቀረውን ሐይቁ ሲረጋ ሙዪ፤ ሁለት ዓመቱ ተፈቅዶልሻል ይላል።

እየሮጠች አሞራ ገደል ደረሰች። በኤልናታን ጀልባ ላይ ግን የአስጋሪዎቹ ሽማግሌ ጋሽ ሽፈራው ተቀምጠዋል።

«ጋሽዬ፣ ኤልናታን የት ሄደ?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «አልነገረሽም እንዴ፣ ልጄ? ጀልባውን ለእኔ አደራ ብሎ ትናንት ወደ ዝዋይ ሄደ። እዚያ ያሰግራል።»

«ለምን? ምን አለዎት?»

«ምን ይላል? ‹እኔ አጠገቧ ካለሁ ሥራዋን ማንም አያምንላትም› አለኝ። ተው ብለው እምቢ አለ። ስትጣሉ ታዲያ አስታራቂ አይጠራም?»

ጀልባው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ደወለች። ጠራ፤ አላነሣም። ደግማ ደወለች። በመጨረሻ ቴሌግራም ከፍታ ጻፈች፦

«ኤልዬ፣ እውነቱን ነግሬያቸው ፈቀዱልኝ። አልሄድም። ሥራዬን ያጎደልኩት እኔ ነኝ፤ ስትጠይቀኝ ሳላስረዳህ እንድታውቅልኝ ፈልጌ። ያቺን ቃል ከአፌ መልሼ ልውጣት ብል አልቻልኩም። ትምህርቴ ሁሉ አንተን ለማዋረድ ከሆነ ባይኖረኝ ይሻለኝ ነበር። እባክህ ና። ካልመጣህም ነይ በለኝ፣ እኔ ዝዋይ ድረስ እመጣለሁ።»

ከመልእክቱ ጎን ሁለት ትንንሽ ምልክቶች ታዩ። አንብቦታል።

ክረምቱ ወጣ። መስከረም ጠባ፣ ጥቅምትም አለፈ። ኤልናታን አልመለሰላትም፤ አልመጣምም።