የተዘጋው በር

ዶሪን በአሮጌው ጽጌረዳ ሥር በግንባሯ ተደፍታለች፤ አካፋው አጠገቧ ወድቋል። የካራሎንግ ከተማ ሰው ሁሉ ለሻይ የጋገረውን ይዞ የከተማውን ጥንታዊ የአትክልት ስፍራ ሊያይ በሚመጣበት ቀን፣ የአትክልት ስፍራው ኮሚቴ ሊቀመንበር ከኋላዋ ተመትታ ሞታ ተገኘች።

ጠዋት መጀመሪያ ያየቻት ኡና ናት፤ የሟች የልጅነት ጓደኛ፣ ጉዳዩን የምትመረምረውን የፖሊስ ሳጅን ብሮንዊንን ደግሞ እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደገች አክስቷ።

«ስትደርሺ የአትክልቱ በርስ፣ አክስቴ?» አለች ብሮንዊን።

«ተበርግዶ! ትናንት አመሻሽ በመኪና ሳልፍም እንደዚሁ ነበር። ያው የፊሊክስ ሥራ ነው፤ የሜልበርን ከተሜ በር መዝጋት መች ያውቅና!»

ፊሊክስ አምና የመጣ እንግዳ ነው። ትናንት ከሰዓት ስለ አጥሩ ተክል ከሟች ጋር ሲጨቃጨቅ ተሰምቷል። አልካደም።

«ጮኼባታለሁ። በሩንም ሳልዘጋው ወጥቼ ይሆናል፤ ለዚህ ሁልጊዜ ትሰድቡኝ የለ? ግን አልገደልኳትም።»

የአትክልት ስፍራው ጎረቤት፣ በግ አርቢው ሌስ ኮፍያውን በእጁ እያሽከረከረ፣ «እኔ ምን አውቄ? ከመሸ በኋላ በጎቼን ከበሩ ውጭ ያለውን ሣር እንዲግጡ ለቀቅኳቸው፤ ሲነጋጋ ሰበሰብኳቸው» አለ።

ብሮንዊን ወደ ጽጌረዳዎቹ ተመለሰች። የበግ በጠጥ እስከ በሩ ድረስ ተበትኗል፤ ከበሩ ወዲህ ግን ምንም የለም። እምቡጦቹ አልተነኩም። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ስትሰማ ያደገችው ከዚችው ከአክስቷ አፍ ነበር።

በግቢው ውስጥ ሻይ በተሰናዳበት ድንኳን ሁሉንም ሰበሰበቻቸው።

«በሩ ክፍት ቢያድር ኖሮ የሌስ በጎች አንድ እምቡጥ አያስተርፉም ነበር። ስለዚህ ተዘግቶ ነው ያደረው። ፊሊክስ ክፍት ትቶት ሄደ፤ ዶሪን ውስጥ ሞተች። ታዲያ ማን ዘጋው?»

«ሌስ ይሆናላ» አለች ኡና።

«ሌስ ዘግቶት ቢሆን ጠዋት ተበርግዶ አታገኚውም ነበር። ዛሬ ጠዋት ክፍት ነበር ያልሽው አንቺ ብቻ ነሽ፤ እንግዳው ላይ ልታላክኪ። እጅሽ ግን ከብት እንዳይገባ በር ሳይዘጋ የማያልፍ የገጠር ሰው እጅ ነው፤ ሬሳ ጥለሽ ስትወጪ እንኳ መቀርቀሪያውን ሳትመልሺ አላስቻለሽም። እኔንም በር ስረሳ በኩርኩም ያስተማርሽኝ አንቺው ነሽ።»

ኡና ሲኒዋን አስቀመጠች።

«ይህን አትክልት የተከለችው፣ ሁሉም እንደሚያምነው፣ አያቴ ሳትሆን ቻይናዊ ሠራተኛ እንደሆነ ለዶሪን ብቻ ነበር የነገርኳት፤ እንደ እህት አምኜ። ዛሬ ሕዝብ ፊት ልትናገረው ነበር። ከዳችኝ!»

«እኔስ?» አለች ብሮንዊን። «ንጹሕ ሰው ልታሳስሪ ነበር፤ በእኔው እጅ! እንዳንቺ ማንንም አምኜ አላውቅም እኮ።»

ብሮንዊን ክንዷን ይዛ ስታወጣት ኡና በሩ ላይ ቆም ብላ በልማድ ዞር አለች፤ በካቴና የታሰሩት እጆቿ ግን መቀርቀሪያው ላይ አልደረሱም።

«ዝጊው፣ ልጄ» አለች።

ብሮንዊን በሩን ክፍት ትታ መኪናዋን አስነሳች።