ሰው የሚሸከም ማንገቻ

ይሄ ታሪክ የምር የሆነ ነው። በእነዚህ ዓይኖቼ ያየሁት። "ተዉት፣ እሱ ማጋነን ይወዳል" የሚላችሁ ካለ ሱቄ ድረስ ይምጣ። ማስረጃው መስኮቱ ጋ ተንጠልጥሏል።

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ጨለማ የለ፣ ነጎድጓድ የለ። ፀሐይዋ የሱቄን መስታወት አልፋ ሌንሶቹ ላይ ታብለጨልጫለች።

የምሸጠው የካሜራ ዕቃ ነው። ሌንስ፣ ፍላሽ፣ ቦርሳ፣ መቆሚያ... ፎቶ ለሚወድ ሰው ስጦታ የፈለገ ሁሉ፣ ከተማው እንዳለ እኔ ጋ ነው የሚመጣው። ከባሕር ማዶ ድረስ ይመጡልኛል። ራሴም የዋዛ ፎቶ አንሺ አልነበርኩም፤ አፉን የከፈተ አንበሳ በክንድ ርቀት ያነሳሁ ሰው ነኝ። ሚስቴ "አንበሳው እኮ አጥር ውስጥ ሆኖ እያዛጋ ነበር" ትላለች። እሷን አትስሟት።

ይህን የምነግራችሁ በትንሽ በትልቁ የምደነግጥ ሰው እንዳልሆንኩ እንድታውቁ ነው።

ያን ቀን ግን...

ደነገጥኩ።

በሩ ተከፈተና ጥቁር የለበሰች ሴት ገባች። አወቅኳት። ባሏ ደንበኛዬ ነበር፤ እጁ የተባረከ ፎቶ አንሺ። ካላለቀ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ከተማውን ሲያነሳ ወድቆ ነው የሞተው።

አብሮት የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው። የሠርግ ፎቶ አንሺው። ሙሽሮችን "ሳቁልኝ! ሳቁልኝ!" እያለ ስለሚያደርቃቸው ስሙ ራሱ ሳቁልኝ ሆኖ ቀርቷል።

"እኔ ራቅ ብዬ ነበር፤ አዳልጦት ነው" አለ ያኔ። ሰውም አመነው።

የሟቹ ካሜራ ሲገኝ ግን ፎቶዎቹ የሚቀመጡበት ሚሞሪ ውስጡ አልነበረም። ቆይቶ ደግሞ ከዚያው ጣሪያ የተነሳች ፎቶ... በሳቁልኝ ስም ተሸለመች።

ሴትዮዋ ከቦርሳዋ ካሜራ አውጥታ ባንኮኒዬ ላይ አስቀመጠች።

የባሏን ካሜራ።

አገላበጥኩት። ከዚያ ሁሉ ፎቅ ወድቆ... አንዲት ጭረት የለውም። ባትሪው ብቻ ሞቷል። አወጣሁና ቻርጀሩ ላይ ሰካሁት።

"ስጦታ አድርገው ይጠቅልሉልኝ ጋሼ።"

"ለማን ነው እህቴ?"

"ለሳቁልኝ።"



"አዲስ ማንገቻም እፈልጋለሁ" አለች። "የድሮው አብሮት ተቀብሯል።"

ወፍራሙን አወጣሁላት። በሁለት እጇ ወጠረችው።

"ሰው ይሸከማል?"

"ሰው? በሬ ብታንጠለጥይበት ንቅንቅ አይልም!"

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

"ለአንድ ሰው ነው የምፈልገው" አለች።

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ሁለቱ ከፍ ያለ ቦታ ላይ እንዴት ይሠሩ እንደነበር ያውቃሉ አይደል?"

አውቃለሁ። የሙያው ሰው ሁሉ ያውቃል። ባሏ ማንገቻውን በደረቱ አሻግሮ ያጠልቅና ከጣሪያው ጠርዝ ወደ ውጭ ዘንበል ይል ነበር። ሳቁልኝ ከኋላው ማንገቻውን ጨምድዶ ይይዝ ነበር። ባሏ አንስቶ ሲጨርስ ማንገቻውን ሁለቴ ሳብ ሳብ ያደርግ ነበር። "መልሰኝ" ማለት ነው።

"ራቅ ብዬ ነበር ይላል" አለች። "እውነቱን ከገዛ አፉ መስማት ነው የምፈልገው። እስከዚያ እንቅልፍ የለኝም።"

ማንገቻውን ካሜራው ላይ ገጠምኩላት። 

እንግዲህ የእኔ ሱቅ አንድ ደንብ አላት። የስጦታ ካሜራ የሰጪውን ፎቶ ሳይዝ አይወጣም። ተቀባዩ ሲከፍተው መጀመሪያ የሚያየው የሰጪውን ፊት ነው። ይሄን ነገር በዓለም ላይ የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ ሌላው ሁሉ የቀዳው ከእኔ ነው።

አዲስ ሚሞሪ ከተትኩና ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳት።

ቀጭ!

ስክሪኑን አየሁ።

ወንበሩ አለ። ሴትዮዋ የለችም።

ወንበሩ ላይ ጀርባውን የሰጠ ወንድ ተቀምጧል። ትከሻው ላይ የሲሚንቶ አቧራ አለ።

ቀና አልኩ። ሴትዮዋ ቁጭ ብላለች። ታየኛለች።

ደግሜ አነሳሁ። ቀጭ!

ሰውዬው ግማሽ ፊቱን አዙሯል...

"ላጥፋው?" አልኳት በሹክሹክታ።

"ይተዉት። ሰጪው እሱ ነው።"

ጠቀለልኩላት። ሪባኑን ራሷ አሰረችው። ይዛው ወጣች።

 ልደገፍ ብዬ እጄን ባንኮኒው ላይ ሳሳርፍ... ዓይኔ ቻርጀሩ ላይ ዐረፈ።

ባትሪው እዚያው ተሰክቷል።

ካሜራው ውስጥ ባትሪ አልነበረም።

በማግስቱ፣ ያው ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሳቁልኝ በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባ። ያ ሁሌ ጥርሱ የማይከደን ሰውዬ ፊቱ አመድ መስሏል። ካሜራው አንገቱ ላይ ነው።

"ጋሼ... አውልቁልኝ።"

"ምኑን?"

"ማንገቻውን! ደጄ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። እንዴት እንደሚሆንልኝ ልየው ብዬ አጠለቅኩት... አልወልቅ አለኝ።"

ማያያዣውን ሞከርኩ። ወይ ፍንክች። መቀስ አመጣሁ። ድፍን ጎማ የሚቆርጥ መቀስ ነው፤ ማንገቻው ላይ ተንሸራተተ።

"ፎቶዎቹን ተመልከቱልኝ" አለ እየተንሾካሾከ።

አየሁ። ሳቁልኝ ጢሙን ሲላጭ፣ ከኋላ። ሳቁልኝ ደረጃ ሲወጣ፣ ከኋላ። ሳቁልኝ ተኝቶ፣ ከኋላ።

በሁሉም ላይ ማንገቻው ከአንገቱ ተነስቶ ወደ ሌንሱ ተወጥሯል። ልክ የሚያነሳው ሰው ጫፉን እንደያዘው...

"ማን ነው ያነሳህ?"

"ካሜራው እኮ አንገቴ ላይ ነው ጋሼ! ማን ያነሳኛል?"

ድንገት አንገቱ ወደ ኋላ ተነቀነቀ።

ሁለቴ።

"ይሄው! ይሄው ነው! ሁለቴ ነው የሚስበኝ... ሁለቴ..."

"ምን ማለት እንደሆነማ ታውቃለህ" አለ ድምፅ።

ሴትዮዋ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። የበሩ ደወል አልጮኸም። እኔ የዝንብ ኮቴ የምሰማ ሰው፣ ስትገባ አልሰማሁም።

"እትዬ... በእናትሽ..."

"ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለእሱ ንገረው።"

በአገጯ ካሜራውን አሳየችው።

ሳቁልኝ ካሜራውን በሁለት እጁ ወደ ፊቱ አነሳው። ሌንሱን እያየ አለቀሰ።

"ይዤህ ነበር" አለ። "ሁለቴ ሳብክ። ተሰምቶኛል። ካሜራውን ወደ ኋላ አቀበልከኝ... ፎቶዋን አየኋት። እንደዚያ ዓይነት ፎቶ በሕይወቴ አንስቼ አላውቅም..."

"ከዚያስ?" አለች።

"ሚሞሪውን አውጥቼ ካሜራውን መለስኩልህ።"

"ከዚያስ?"

"ጣቶቼን... ፈታኋቸው።"

ቀጭ!

ማያያዣው በራሱ ተከፈተ። ካሜራው ባንኮኒዬ ላይ ወደቀ። ሳቁልኝ አንገቱን እየዳበሰ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሄደና በሩን በርግዶ ሮጠ።

ስክሪኑ ላይ አዲሱ ፎቶ አለ።

ጣሪያ ነው። ሳቁልኝ ጠርዙ ላይ ቆሟል፤ ፊቱ ወደ ካሜራው። በሠርግ ላይ እንደሚያስቃቸው ሙሽሮች... ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ ይስቃል። ከጀርባው አንድ አቧራማ ክንድ ወጥቶ ወገቡን አቅፎታል።

የሳቁልኝ ጫማ በነጋታው ያ ጣሪያ ላይ ተገኘ። እሱ ግን ላይም የለ፣ ታችም የለ።

ሴትዮዋ ካሜራውን ወሰደች። ማንገቻውን መለሰችልኝ።

"አላጋነኑም ጋሼ" አለችኝ። "ይሸከማል።"

መስኮቱ ጋ ያለው መስቀያ ላይ ሰቀልኩት። ማንገቻ ሲሰቀል ይልፈሰፈሳል፤ እንኳን እናንተ ሚስቴም ታውቀዋለች።

ይሄኛው ቀጥ ብሎ ወደ ታች ተወጥሯል። ጫፉ ላይ ምንም የለም። መስቀያው ግን ጎብጧል።

አንበሳ የደፈርኩት እኔ እስከ ዛሬ አልነካሁትም።

ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሴትዮዋ መጣች። ምንም አልገዛችም። ወንበሩን ማንገቻው ፊት ለፊት አድርጋ ተቀመጠች።

ማንገቻው ሳብ አለ።

አንዴ...

ሁለቴ...

እጇን ዘረጋች። ማንገቻውን ጨምድዳ ያዘችው። የሆነ ነገር ከታች ሲንጠለጠልባት ክንዷ ተወጠረ።

"ተሰምቶኛል ሳቁልኝ" አለችና ፈገግ አለች።

ከዚያ ጣቶቿን... አንድ በአንድ... ፈታቻቸው።