አክስት ፀጉሯን የሸፈነች ቀን

አናጢው በሥራ ቤቱ ደረጃ ሥር ሞቶ የተገኘው በጠዋት ነው። ራሱ ከኋላ ተፈንክቷል፤ አንድ ጫማው ላይኛው ደረጃ ላይ ቀርቷል። ያየው ሁሉ «አዳልጦት ነው» አለ። መርማሪዋ ግን ከሬሳው አጠገብ ተንበርክካ ብዙ ቆየች።

«ተንከባሎ የወደቀ ሰው በቀኝ ጎኑ ተስተካክሎ፣ ፊቱን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ አዙሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አይገኝም» አለች በመጨረሻ። «እዚህ ሰው ነበር። ያውም የሚወደው ሰው።»

ጎረቤቶች ግን ምርመራውን ቀድመዋት ጨርሰው ነበር፤ ገዳዩ ልጁ ነው። ትናንት አባትና ልጅ ሲጯጯሁ ሰምተዋል። እናትየው የታመመች እናቷን ልታስታምም ሄዳ ስለነበር የሚመሰክርለት የለም።

«ምን አጣላችሁ?» አለችው መርማሪዋ።

ልጁ የአባቱን መላጊያ ያገላብጣል። «ከመስጊዱ ሼህ ጋር መዋል ካበዛ ወዲህ ዓይኔን ማየት ተወ። ምን በደልኩህ ብዬ ጮህኩበት። አለቀሰ እንጂ አልመለሰልኝም። ጥዬው ወጣሁ።»

ሼሁ ሲጠየቁ ጢማቸውን እየዳበሱ አመነቱ። «ለወዳጄ ነው እያለ፣ ባል መውለድ ሲያቅተው ሚስት በሐኪም ቤት ከለጋሽ ወንድ ዘር ስለመፀነሷ ይጠይቀኝ ነበር። ከባልና ሚስት መካከል የሦስተኛ ሰው ዘር መግባት አይፈቀድም፣ የትውልድ ሐረግ ይደባለቃል አልኩት። የተወለደው ልጅ ግን ምን ኃጢአት አለበት? ይህንንም ነግሬዋለሁ።»

የሟች እህት ጓዳ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። መርማሪዋ ሴት ስለሆነች እህትየው ሻሿን ትከሻዋ ላይ አውርዳለች፤ ሽበቷ ይታያል።

«ወንድሜን ካየሁት ወር አለፈኝ» አለች።

ይኼኔ ልጁ ውሃ ይዞላት ገባ። እሷ ተደናግጣ ሻሿን ሳበች፤ ፀጉሯን እስከ ግንባሯ ሸፈነች። «እዚያ አስቀምጠው» አለች እጇን ሳትዘረጋ።

«አክስቴ፣ እኔ ነኝ እኮ!»

ውሃውን አስቀምጦ ወጣ። መርማሪዋ በረንዳ ላይ ደረሰችበት።

«ሽበቷን የምነቅልላት እኔ ነበርኩ» አላት። «ባለፈው ጁምዓ እንኳ ቤቷ ሄጄ፣ ጭኔ ላይ ተኝታ እየሳቀች ነቀልኩላት። ዛሬ ምን አደረግኳት?»

መርማሪዋ መልሱን አውቃለች። ልጁን ከእስር ለማዳን አባቱን ልትወስድበት ነው።

ከሰዓት በኋላ መርዶውን ሰምታ የተመለሰችውን እናት፣ ልጁን፣ አክስቲቱንና ሼሁን ሳሎን ሰበሰበች።

«እናቱ፣ ይቅር በይኝ» ብላ ጀመረች። «አክስት ለባዳ ወንድ እንጂ ከወንድሟ ልጅ ፊት ፀጉሯን አትሸፍንም። ይህቺ ሴት ግን እስከ ጁምዓ ተገልጣ ዛሬ ተሸፈነች። በመካከሉ ልጁ የወንድሟ ሥጋ አለመሆኑን ሰምታለች ማለት ነው። ማን ነገራት? እናቱ እዚህ አልነበረችም። ሼሁ ነገሩ የማን እንደሆነ አያውቁም። የቀረው ሟች ብቻ ነው። እሷ ግን ካየሁት ወር አለፈኝ ብላ ዋሸችኝ።»

እናትየው ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። አክስቲቱ ቀና አለች።

«ልጁን ተዉት። እኔ ነኝ። ለልጁ እውነቱን ልንገረው ነው አለኝ። አትንገረው፣ በቁሙ አትግደለው ብዬ እጅጌውን ያዝኩ። ተናጠቅን፤ ገፋሁት።» «ዓይኑን ጨፈንኩለት። ዝም ካልኩ ነገሩ አብሮት ይቀበራል ብዬ ነበር። ልጁ ውሃ ይዞ ሲገባ ግን... ሰውን ዋሸሁ፤ አላህን እንዴት ልዋሸው?»

«እኔ የማን ልጅ ነኝ?» አለ ልጁ።

«የኔ!» አለች እናቱ።

ሼሁ ትከሻውን ያዙት። «የእናትህ ልጅ ነህ። አንተ ያጠፋኸው ነገር የለም።»

«እሱን... ማጠብ ይፈቀድልኛል?»

«ማንም ሙስሊም ወንድ ያጥበዋል። ካንተ የሚቀድም ግን አላይም።»

ፖሊሶቹ የአክስቲቱን እጆች ወደ ኋላ አሰሩ። በሩ ላይ ስትደርስ ሻሿ ተንሸራተተ፤ ልትስበው አልቻለችም። ልጁ ተነስቶ ሄደ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ የጨርቁን ጫፍ ብቻ ይዞ ፀጉሯን ሸፈነላት።

«ልጄ» አለች።

ልጁ መኪናው እስኪርቅ በሩ ላይ ቆመ፤ ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ አባቱን ሊያጥብ ሄደ።