ኩርባው ላይ የቀረው ቀብድ

ለሰነፍ የሚሆን ምክር ሞልቶናል። «የዛሬን ሥራ ለነገ አታሳድር» እየተባለ ያላደገ ማን አለ? ይህ ታሪክ ግን የሰነፍ ታሪክ አይደለም። የነገውን ሥራ ዛሬ ይሠራ የነበረ የአንድ ታታሪ ሰው ታሪክ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየጋራዡም፣ በየግንባታውም፣ በየቢሮውም አይጠፋም፤ ምናልባት እናንተው ትሆኑ ይሆናል። ስለዚህ አትቆጡ፣ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ሰውየው የባቡር ሐዲድ ጥገና ሠራተኛ ነው። እጁ ፈጣን በመሆኑ ጓደኞቹ «መብረቅ» ይሉታል። የሚነዳው ማሽን በየመንገዱ የሚታይ ዓይነት አይደለም። ሐዲድ የሚተኛው በኮንክሪት አግዳሚዎች ላይ ነው፤ ወዲያ ወዲህ እንዳይል ደግሞ በእያንዳንዱ አግዳሚ ላይ ግራና ቀኙን በብረት መቆንጠጫ ይያዛል። ሐዲዱ አርጅቶ ሲለወጥ እነዚያ መቆንጠጫዎች አንድ በአንድ መነቀል አለባቸው። የመብረቅ ማሽን በሐዲዱ ላይ እየተንከባለለ ሁለት ክንዶቹን ይዘረጋል፣ መቆንጠጫውን ነክሶ ይነቅላል፣ ከኋላው ባለው ሣጥን ውስጥ ቃ አድርጎ ይጥለዋል። ሠራተኞቹ «ጥርስ ነቃዩ» ብለው ስም አውጥተውለታል።

መስመሩ ለሥራ የሚዘጋላቸው ጠዋት ጠዋት፣ ያውም ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። በዚያች ጊዜ አሮጌውን አንስተው፣ አዲሱን አስቀምጠው፣ አጥብቀው መውጣት አለባቸው። ጊዜው አይበቃማ! ስለዚህ ከጥንት ጀምሮ አንድ ዘዴ አለቻቸው። ማታ ከሥራ ሲወጡ ከነገው መቆንጠጫ ጥቂቱን፣ አንዱን ነቅለው አንዱን እየተዉ፣ አስቀድመው ይነቅላሉ። ይህንን «ቀብድ» ይሉታል። መስመሩ ሳይዘጋ አንድም መቆንጠጫ እንዳይነካ የሚያዝ ደንብ አለ፤ ደንቡ ግን ቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ይጠጣል። ባቡሮቹ በላዩ እየተንገጫገጩ ያልፋሉ፣ ጠዋት መስመሩ ይዘጋል፣ የተነቀለው ይተካል፤ ማንም አላየ፣ ማንም አልሰማ።

በመዶሻና በዲጅኖ ዘመን ቀብዱ ትንሽ ነበር፤ የሰው ክንድ ይደክማል። ጥርስ ነቃዩ ግን ድካም የሚባል አያውቅም። ልማዱ የድሮ፣ ማሽኑ የዛሬ ሆነ፤ ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው።

የመብረቅ ታናሽ እህት በዚያው መስመር በሚመላለሰው የመንገደኛ ባቡር ላይ ቲኬት ተቆጣጣሪ ናት። አባትና እናታቸው በልጅነቷ ስላለፉ ያሳደጋት እሱ ነው፤ «ጋሼ» ነው የምትለው።

«ጋሼ፣ እናንተ የምትሠሩበት ቦታ ስንደርስ ሻዬ ይደፋል» ትለዋለች ቤቱ በመጣች ቁጥር። «ዩኒፎርሜን ስንቴ አጠብኩት መሰለህ!»

«ግማሽ ኩባያ ብቻ አስቀጂያ» ይላታል። ይሳሳቃሉ። የሚያስቅ ነገር እንዳልነበረ ያን ጊዜ አልገባውም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቡድኑ ገደል አፋፍ ላይ ያለው ትልቁ ኩርባ ዘንድ ደረሰ። ፎርማኑ ወገቡን ይዞ ሐዲዱን አየና «እስከ ግማሹ ቀብድ አድርግልኝ» አለው። መብረቅ ማሽኑን ሲያስነሳ መካኒኳ ከፊቱ መጥታ ቆመች። እጇ ከግሪስ ተለይቶ የማያውቅ፣ ምላሷ ግን ግሪስ ነክቶት የማያውቅ ሴት ናት።

«ቀጥ ባለው ላይ ስትነቅሉ እያየሁ ዝም አልኩ። ኩርባ ላይ ግን ተው» አለችው። «ሐዲድ ፀሐይ ሲመታው ይለጠጣል። ሲለጠጥ መሄጃ ይፈልጋል። እንዳይሄድ ይዞ የሚያስቀረው ይኸው አንተ የምትነቅለው ብረት ነው።»

«እትዬ፣ ነገ በጠዋት እኮ እንመጣለን! ፀሐይዋ ሳትበረታ አጥብቀን እንወጣለን።»

«ነገን በእጅህ ማን ሰጠህ?»

«ኧረ በናትሽ፣ አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ሟርት!» አለ ፎርማኑ። «ስንቴ አድርገነዋል፣ ምን ሆነ? ንቀል ልጄ፣ ንቀል።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለች መካኒኳ። የመፍቻ ቦርሳዋን አንስታ እያጉተመተመች ሄደች።

ማሽኑ ያን ቀን ታጥቦ፣ ተቀብቶ፣ ለመንዳት ማር ሆኗል። ቃ፣ ቃ፣ ቃ ይላል። መብረቅ ግማሹ ጋ ሲደርስ መቆም አሳዘነው። «ከጀመርኩ አይቀር» አለና እስከ ኩርባው ጫፍ ነቀለው። ፎርማኑ ሣጥኑ ሞልቶ ሲያይ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «አንተ እኮ ለቡድኑ በረከት ነህ» አለው። ደስ ብሎት ቤቱ ገባ።

በማግስቱ ጠዋት ልብሱን ለብሶ ሊወጣ ሲል ስልኩ ጮኸ። ፎርማኑ ነው።

«አዲሱን መቆንጠጫ የጫነው መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቷል። ዛሬ ሥራ የለም፤ ተኛ፣ እረፍ።»

«ቀብዱስ?»

«ነገ ይደርሳል።»

«አሮጌውን ብንመልሰውስ?»

«የዛሬውን መዘጋት አሰርዣለሁ። እሱን ለመመለስ እንደገና መስመሩ ይዘጋልን ልንል ነው። ለምን ሲሉን ምን ልንል ነው? እረፍ ብዬሃለሁ።»

መብረቅ ሊያርፍ ሞከረ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ በሳሎኑ መስኮት ሥር ባለው የስፌት መኪናዋ ላይ የተማሪ ቀሚስ ትሰፋለች። ተቀመጠ፣ ተነሣ። ውሃ ቀዳና ሳይጠጣ አስቀመጠው። በር ላይ ወጥቶ ሰማዩን አየ፤ የደመና ቁራጭ እንኳ የለም። ሬዲዮ ከፈተ፣ ዘጋ።

«እግርህ ሥር እሳት አለ እንዴ?» አለችው ሚስቱ ዓይኗን ከመርፌው ሳትነቅል። «አንድ ቀን እረፍት ብታገኝ እኔን ልታሳብደኝ ነው?»

«ምንም አልሆንኩም።»

ረፋዱ እየገፋ ሙቀቱ ጨመረ። በዚህ ጊዜ ጣሪያው ቋ አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቋ! መብረቅ ክው ብሎ ቀና አለ።

«ምንድነው እሱ?»

«ቆርቆሮው ነዋ! ፀሐይ ሲመታው ይለጠጣል። አዲስ ነገር ነው?» አለች ሚስቱ። ቀጥላም «ሚስማር ባይኖረው ይሄኔ ጎረቤት ቤት ደርሶ ነበር» ብላ ሳቀች።

እሱ አልሳቀም። በየቀኑ ቀትር ላይ ኩርባውን የሚያልፈው የእህቱ ባቡር ነው። ስልኩን አንስቶ ጓሮ ወጣና ደወለላት።

«የት ደረሳችሁ?»

«ገና መነሳታችን ነው። ሞተሩ አስቸግሮን ጣቢያ ላይ ቆይተን ነበር። ሹፌሩ የባከነውን ሰዓት አካክሳለሁ ብሎ እየበረረ ነው። ሰዉ ደግሞ ዛሬ፣ አይነሳ! መቆሚያ እንኳ የለም። ምነው ጋሼ?»

«ስሚኝ። መጨረሻው ፉርጎ ሂጂ።»

«ለምን?»

«ሂጂ ስልሽ ሂጂ! ኩርባውን እስክታልፉ ከዚያ እንዳትነቃነቂ።»

በስልኩ ውስጥ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል፤ «ሻይ! ትኩስ ሻይ!» የሚለው ሰውዬ ድምፅ ይሰማል።

«ጋሼ» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ኩርባው ላይ ምን አድርጋችኋል?»

መብረቅ ዓይኑን ወደ ፀሐይዋ አነሣ።

«እሺ፣ እኔ ኋላ ሄድኩ። ፊት ያሉትስ? እነሱ ወንድም የላቸውም?»

ስልኩን ዘጋችው።

መብረቅ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ለካ ባቡሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ የሰው ወገን ነው! ለካ እሱ ሊያድን የፈለገው የራሱን ብቻ ነበር! እፍረቱ ከፍርሃቱ ባሰበት። የባቡር ቁጥጥር ክፍሉን ቁጥር እየደወለ ሳለ እንኳ ውሸት ከአእምሮው አልጠፋም፤ «ሐዲዱ ላይ ላም ቆማለች» ቢል ማንም አይጠይቀውም። ግን ለላም ጥሩንባ ይነፋል እንጂ ባቡር አይቆምም። ይህንን ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

«ማን ልበል?» አለች ስልኩን ያነሣችው ሴት።

«ባቡሩን አቁሙት! ኩርባው ላይ መቆንጠጫ የለም።»

«በምን አወቁ?»

«እኔ ነኝ የነቀልኩት። የመንቀያው ማሽን ሹፌር ነኝ። ስሜን በኋላ ትጽፊዋለሽ፣ አሁን አቁሙት!»

የጎረቤቱን ሞተር ብስክሌት ተበድሮ በረረ። በሄደበት ሁሉ ከፊቱ የፍንዳታ ድምፅ የሚሰማ ይመስለው ነበር፤ ምንም ግን አልተሰማም። ኩርባው ዘንድ ሲደርስ ባቡሩ ቆሟል። ቆሟል ማለት ግን ደህና ነው ማለት አይደለም። ሐዲዱ ከአግዳሚዎቹ ላይ ወጥቶ ወደ ውጭ ተጣሟል። ሹፌሩ በሬዲዮ ተነግሮት ፍሬን ቢይዝም የባቡሩ ሞተርና ፊተኛው ፉርጎ ከሐዲድ ወጥተው ወደ ገደሉ ዘመም ብለዋል። ሹፌሩ ግንባሩን ተፈንክቷል። ሰዉ ሁሉ ሜዳው ላይ ፈሷል፤ የሚያለቅስ አለ፣ የሚጸልይ አለ፣ ጫማውን የሚፈልግ አለ።

እህቱን ሣሩ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ቀኝ ክንዷ በሻርፕ ተጠምጥሞ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ኋላ ሂጂ ብዬሽ ነበር እኮ!» አለና ተንበረከከ።

«ሰምቼሃለሁ» አለች። «ግን ሰዉን ትቼ እንዴት ልሂድ? ፊተኛው ፉርጎ ሊጸዳ ነው፣ ሁላችሁም ወደ ኋላ አልኳቸው። እየተሳደቡ ወጡልኝ። በሩን ዘግቼ እኔም ልከተላቸው ስል ነው ፍሬኑ የተያዘው።»

ፊተኛው ፉርጎ ባዶ ነበር። መብረቅ ዘመም ያለውን ባዶ ፉርጎ አየ፤ ከዚያ ሜዳው ላይ ያለውን ሰው አየ።

ሕፃን ያዘለች ሴት ከጎናቸው ሆና «ማነው እንዲህ ያደረገን? ማነው ይህ እግዜርን የማይፈራ?» እያለች ትጮኻለች። ማንንም እየጠየቀች አልነበረም።

«እኔ ነኝ» አላት መብረቅ።

ትረግመኛለች ብሎ ጠበቀ፤ አልረገመችውም። ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ ደረቷ ላይ አቀፈችው፤ ከሱ ራቅ ብላ ሄዳ ተቀመጠች። ቢረገም ይሻለው ነበር።

ፎርማኑ ከሥራ ታገደ። «ቤቴን አፈረስከው፤ አፍህን ብትይዝ ምን ነበረበት?» ብሎ መብረቅን ዳግመኛ አላነጋገረውም። አብረውት የበሉና የጠጡ ጓደኞቹም ብዙ ጊዜ ፊት ነሱት። እሱም ከማሽኑ ወርዶ በእጁ መቆንጠጫ ሲያጠብቅ ከረመ። አንድ ቀን መካኒኳ አጠገቡ መጥታ ተቀመጠች። ነግሬህ ነበር ልትለው ነው ብሎ አንገቱን ደፋ።

«እኔም አለሁበት» አለችው። «ተናግሬ፣ አጉተምትሜ ሄድኩ እንጂ አላስቆምኩህም። ስልክ እኔም ነበረኝ።»

ወገኖቼ፣ ነገሩ ይህ ነው። ማሽን የሰውን ጉልበት ያበዛል፤ ጥፋቱንም አብሮ ያበዛል። አባቶቻችን በመዶሻ ሲያደርጉት ሻይ የሚደፋው ልማድ፣ በእኛ እጅ ባቡር ይደፋል። «ስንቴ አድርገነዋል፣ ምን ሆነ?» የሚል ሰው ስትሰሙ ደግሞ አትሳቁ፤ እያጉተመተመ የሚሄደውንም ሰው አትሁኑ። አደጋ እስኪደርስ ድረስ ሁሉም ጊዜ ደህና ነው። የሆነች ቀን ግን መኪናው ይበላሻል፣ ፀሐይዋ ትበረታለች፣ ሹፌሩ ይቸኩላል፤ ሦስቱም ያቺኑ ቀን ጠብቀው ይመጣሉ።

መብረቅ ኋላ ወደ ማሽኑ ተመለሰ። ሲመለስ አንድ ነገር ለመነ፤ የጥርስ ነቃዩ ቁልፍ በጣቢያው ሹም ዘንድ እንዲያድር። መስመሩ መዘጋቱ ሲነገር ቁልፉን ይወስዳል፣ ከመከፈቱ በፊት ይመልሳል። አዲሱ ፎርማን ገና በመጣ ሰሞን ጠጋ ብሎ «ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ ቀብድ ብናደርግ?» ብሎት ነበር። መብረቅ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ኪሱ ከተተና በእግሩ ወደ ጣቢያው መንገድ ጀመረ። ከዚያ በኋላ የጠየቀው የለም።

የእህቱ ክንድ ድኗል፤ ግን እንደ ድሮው አይታጠፍም፣ ቲኬት የምትበሳው በግራዋ ነው። እነሱ የጠገኑትን ኩርባ ባቡሯ ባለፈ ቁጥር መብረቅ ሥራውን አቁሞ ከመስመሩ ዳር ይቆማል፤ ልቡም ይቆማል። የመጨረሻው ፉርጎ እስኪያልፍ ድረስ አይተነፍስም። እሷም ታውቃለች። በሩ ላይ ብቅ ትልና በግራ እጇ ኩባያዋን ከፍ አድርጋ ታሳየዋለች፤ ሻዩ እስከ አፉ ሞልቶ፣ ጠብታ ሳይደፋ።